"ኮፊ" የሚለው ቃል ከከፋ ነው የመጣው?

ፈረንጆቹ "ኮፊ" የሚሉት ከእኛው ከፋ ወስደው ነው ሲባል ያልሰማ የለም። አስጎብኚዎች ይናገሩታል። የቡና ማሸጊያ ላይ ይጻፋል። ቡና ተፈልቶ ወሬው ወደ ቡና ከዞረም አንዱ ማንሳቱ አይቀርም። ድምፃቸው ይቀራረባል። ዛፉም በእርግጥ የዚያ አገር ጫካ ልጅ ነው። ስለዚህ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል።

የቃላትን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ግን አብዛኞቹ ሌላ መንገድ ነው የሚያሳዩት። ያ መንገድ በየመን፣ በኢስታንቡል፣ በጣሊያንና በሆላንድ ያልፋል። ኢትዮጵያም አለችበት፤ ግን ብዙዎቻችን በምናስበው ቦታ ላይ አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ ምንድን ነው?

እንግሊዝኛው "ኮፊ" የተቀዳው በዋናነት ከሆላንድኛና ከጣሊያንኛ ነው። ሆላንዶች "ኮፊ" ይላሉ፤ ጣሊያኖች "ካፌ"። ሁለቱም ከቱርክኛው "ካህቬ" የወሰዱት ነው። ቱርኮቹ ደግሞ ከዓረብኛው "ቀህዋ" አገኙት።

እስከዚህ ድረስ ብዙም ጭቅጭቅ የለም። የድምፁን ለውጥ በጆሮ ብቻ መከተል ይቻላል። ቱርክኛ "ወ" የሚለውን ድምፅ "ቭ" ያደርገዋል፤ "ቀህዋ" "ካህቬ" ሆነ። የአውሮፓ አፍ ደግሞ "ህ" እና "ቭ" ሲከታተሉ ይቸገራል። ሁለቱን ጨፍልቆ "ፍ" አደረጋቸው፤ "ካህቬ" "ካፌ" ሆነ። ልብ በሉ፣ "ፍ" የመጣችው መጨረሻ ላይ፣ አውሮፓ ውስጥ ነው። ይህች ነገር በኋላ ትፈለጋለች።

ጥያቄው "ቀህዋ" ራሱ ከየት መጣ የሚለው ነው።

"ቀህዋ" መጀመሪያ ምን ማለት ነበር?

ወይን ጠጅ። በድሮ ዓረብኛ ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ "ቀህዋ" ነበር። በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የኖረው ስመ ጥሩው ገጣሚ አቡ ኑዋስ ስለ መጠጥ ሲገጥም በዚህ ቃል ይጠቀማል። የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎችም ቃሉን "የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ" ከሚል ሥር ጋር ያያይዙታል። ጠጪው እህል ያስጠላዋል፤ ስለዚህ መጠጡ በዚህ ጠባዩ ተጠራ ይላሉ።

ቡናን ያየ ሰው ይህን አይክድም። ጠዋት ባዶ ሆድ ላይ ሁለት ስኒ የጠጣ ሰው ቁርሱን ይረሳዋል።

ቡና እንደ መጠጥ በየመን በሰፊው መታወቅ የጀመረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የጠጡት በተለይ ሱፊዎች የሚባሉት የእስልምና መንፈሳውያን ነበሩ። ሌሊቱን በዚክር፣ ማለትም አላህን በማውሳትና በማወደስ፣ ሲያሳልፉ እንቅልፍ እንዳያሸንፋቸው ይጠቅማቸው ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ስለ ቡና የጻፈው ዓብዱልቃድር አልጀዚሪ፣ መጠጡን ወደ የመኗ ወደብ ወደ ኤደን ያስገባው መሐመድ አዝዘብሃኒ የሚባል የሃይማኖት ሊቅ ነው የሚል ወሬ አቆይቶልናል። ይህ ሰው በ1470 ገደማ ነው የሞተው። መጠጡንም ያወቀው ከቀይ ባሕር ወዲህ ባለው በአፍሪካው ዳርቻ ሲቆይ እንደሆነ ይነገርለታል።

አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የመን ውስጥ "ቀህዋ" የሚባለው የቡና ፍሬ መጠጥ ብቻ አልነበረም። ከቡናው ገለባ የሚፈላውም "ቀህዋ" ይባል ነበር። ከጫት ቅጠል የሚዘጋጀውም እንዲሁ። ስለዚህ ቃሉ የአንድ ተክል ስም አልነበረም። የሚያነቃ፣ ሆድን የሚይዝ የመጠጥ ዓይነት ስም ነበር። ፍሬውን ግን ሌላ ስም ነበራቸው፦ "ቡን"።

ታዲያ የከፋው ነገር ለምን አይሆንም?

መጀመሪያ የዘመን ጉዳይ አለ። "ቀህዋ" የሚለው ቃል ዓረቦች ቡና መጠጣት ከመጀመራቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በግጥም ውስጥ ይገኛል። ቡናው ሲመጣ ቃሉ እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር።

ሁለተኛው የድምፅ ጉዳይ ነው። ዓረብኛ "ፍ" አለው፤ ያውም ከፊደሎቹ ዋነኛ አንዱ ነው። ዓረቦች "ከፋ" የሚለውን ስም ሰምተው ቢወስዱት ኖሮ "ፋ"ውን ወደ "ህዋ" የሚቀይሩበት ምክንያት አልነበረም። "ከ"ውንም ወደ "ቀ" አይለውጡትም ነበር፤ ሁለቱም ድምፆች አሏቸው። "ከፋ" እና "ኮፊ" የተመሳሰሉብን የመንገዱን ሁለት ጫፍ ብቻ ስለምናይ ነው። መሃሉን ስናይ "ፍ" የለችም። አውሮፓ ስትደርስ ነው የተፈጠረችው።

ሦስተኛውን እኔ ከሁሉም የበለጠ እወደዋለሁ። ከፋዎች ራሳቸው በቋንቋቸው ቡናን "ቡኖ" ነው የሚሉት። እዚያ ሄዶ ቡና የገዛ የጥንት ነጋዴ ከሻጩ አፍ የሚሰማው "ቡኖ" ነው። የእቃውን ስም ትቶ የአገሩን ስም ለእቃው መስጠት ይቻላል፤ በንግድ ዓለም ያጋጥማል። ግን ዓረቦቹ ለፍሬው "ቡን" የሚል ስም አላቸው። ማለትም የሰሙትን ይዘውታል።

ሌላውን ወገንም ልንገራችሁ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ዓረቦች "ከፋ"ን ሰምተው በቋንቋቸው ካለው "ቀህዋ" ጋር አስጠግተውት ሊሆን ይችላል ይላሉ። የታወቁ መዝገበ ቃላትም ይህን እንደ አንድ አማራጭ ያነሱታል። የማይሆን ነገር አይደለም። ነገር ግን ይህን የሚደግፍ የዚያ ዘመን ጽሑፍ የለም። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የአውሮፓ ተጓዦችና ጸሐፊዎች ስለ ከፋ ሲሰሙ የድምፁ መመሳሰል ማረካቸው፤ ሐሳቡም በመጻሕፍቶቻቸው በኩል ተባዝቶ እኛው ዘንድ ተመለሰ።

ይህ ከሆነ ኢትዮጵያ የቡና መገኛ መሆኗ ይቀራል?

በፍጹም። ግራ መጋባቱ የሚነሳው ሁለት ጥያቄ እንደ አንድ ስለሚታይ ነው። አንደኛው ተክሉ የት ተገኘ የሚለው ነው። ሁለተኛው ፈረንጆች የሚጠሩበት ስም የት ወጣ የሚለው ነው። ልጅ ገጠር ተወልዶ ክርስትና ከተማ ሊነሳ ይችላል። ስሙ የወጣበት ቦታ የትውልድ ቦታውን አይቀይረውም።

ስለ ተክሉ ማስረጃው ከቃል የጠነከረ ነው። ዓለም በብዛት የሚጠጣው የአረቢካ ቡና የዱር ዘሩ በብዛትና በብዙ ዓይነት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ነው። በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባም የዱር ቡና አለ። ከዘረ መል ጥናት እንደታወቀው አረቢካ የተፈጠረው ሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው ነው፤ አንዱ ሮቡስታ የምንለው ነው። ከፋና ያዩ የሚባለው ጫካ በ2010 በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ የገቡት እዚያ ያለው የዱር ቡና ሀብት ትልቅ ስለሆነ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ሰው "ኮፊ ከከፋ ነው" ብሎ ሲከራከር ደካማውን ማስረጃ አንስቶ ጠንካራውን ይተዋል፤ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን አገኘ ስለሚባለው ስለ ፍየል ጠባቂው ካልዲ ተረትም ሁለት ቃል። ታሪኩ በአውሮፓ በጽሑፍ የታወቀው በ1671 ነው። የጻፈው ፋውስቶ ናይሮን የሚባል ሮም ውስጥ የሚያስተምር ማሮናዊ (የሊባኖስ ክርስቲያን) ሊቅ ነው። እሱ ጽሑፍ ውስጥ እረኛው ስም የለውም። "ካልዲ" የሚለው ስም የተጨመረው ኋላ ነው።

"ቡና" የሚለው የእኛ ቃልስ?

ቀይ ባሕርን ግራና ቀኝ ስትመለከቱ አንድ ቃል ታገኛላችሁ። በአማርኛና በኦሮምኛ "ቡና"፣ በትግርኛና በሶማልኛ "ቡን"፣ በከፊኛ "ቡኖ"፣ በዓረብኛ ለፍሬው "ቡን"። ስዋሂሊ ለመጠጡ "ካሃዋ" ይላል፤ ለጥሬው ፍሬ ግን "ቡኒ"። ዓረብኛ ሁለቱን ቃል ለሁለት ነገር ከፍሎ ይጠቀምባቸዋል፦ የሚፈጨው "ቡን"፣ የሚጠጣው "ቀህዋ"። እኛ ዛፉንም፣ ፍሬውንም፣ መጠጡንም በአንዱ "ቡና" እንጠራለን።

ቃሉ ከዚህ ወደዚያ ተሻገረ ወይስ ከዚያ ወደዚህ? ሁለቱንም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ዛፉ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው በዚህ በኩል ስለሆነ፣ ስሙም ከፍሬው ጋር አብሮ ተሻገረ የሚለው ለእኔ ይበልጥ ያሳምናል። በቡና ሥርዓታችን ውስጥ ግን ከዚያ የመጡ ቃላት እንዳሉ ግልጽ ነው። "በረካ" በረከት የሚል የዓረብኛ ቃል ነው። "አቦል" በትግርኛ "አወል" ይባላል፤ እሱም በዓረብኛ "መጀመሪያ" ማለት ነው። ዕቃ በሚሻገርበት ባሕር ቃልም ወዲያና ወዲህ ይሻገራል።

አብዛኛው ዓለም "ቀህዋ"ን ወይም የእሱን ልጆች ነው የተከተለው። ጃፓኖች "ኮሂ" ይላሉ፣ ቻይኖች "ካፌይ"፣ ሩሲያውያን "ኮፌ"። ከዚህ ሰልፍ ውጪ የቆሙ ቋንቋዎች ጥቂት ናቸው። አርመኖች "ሱርጅ" ይላሉ። እኛና ጎረቤቶቻችን "ቡና" ብለን ቀርተናል።

የቡና "ቢን"ስ ከቡና ጋር ይገናኛል?

ይህም ይወራል። እንግሊዞች የቡናን ፍሬ "ቢን" ይሉታል፤ "ቡን" ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን "ቢን" ባቄላ ማለት ነው። እንግሊዞች ቡና የሚባል ነገር ከማየታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ባቄላቸውን በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። የጀርመኖች "ቦነ" እና የሆላንዶች "ቦን" ወንድሞቹ ናቸው። ለቡናው የተሰጠው ቅርጹ ባቄላ ስለሚመስል ነው።

በተፈጥሮው ግን ቡና ባቄላ አይደለም። እሸቱ ቀልቶ ሲበስል እንደ ቼሪ ያለ ፍራፍሬ ነው። እኛ የምንቆላው ውስጡ ያለውን ዘር ነው።

"አረቢካ"ና "ሞካ"ስ?

እዚህም ስምና ትውልድ አልተገናኙም። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1753 ለተክሉ "ኮፊያ አረቢካ" የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት ከየመን ስለነበር ተክሉ የዓረብ ምድር መሰላቸው። ስሙ ዛሬም እንዳለ ነው። ኢትዮጵያዊው ዛፍ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ዓረባዊ ተብሎ ይኖራል።

"ሞካ" የየመን ወደብ ስም ነው፤ በዓረብኛ "አልሙኻ"። የዓለም የቡና ንግድ ለረጅም ጊዜ በዚያ ወደብ ያልፍ ነበር። ዛሬ ካፌ ውስጥ "ሞካ" ብላችሁ ስታዝዙ ቸኮሌት ያለበት ቡና ይመጣላችኋል።

እንግሊዞች ቃሉን እንዴት ያዙት?

እንደምንም። በ1598 በእንግሊዝኛ በታተመ አንድ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ "ቻኦዋ" ተብሎ ተጽፏል። ይህ የዓረብኛውን ድምፅ ለመያዝ የተደረገ ሙከራ ነው። በ1601 የታተመ ሌላ የጉዞ ጽሑፍ "ኮፌ" ይላል። ፈላስፋው ፍራንሲስ ቤከን ስለ ቱርኮች መጠጥ ሲጽፍ "ኮፋ" አለው፤ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነው ሲልም ገለጸው። አንዱ በ"ፍ"፣ ሌላው በ"ህ"፣ ሌላው በ"ው" ይጽፈው ነበር። ቃሉ በአንድ አጻጻፍ እስኪረጋ አሥርተ ዓመታት ፈጀ።

ያረጋጋው መጠጡ ራሱ ነው። በኢስታንቡል ቡና ቤቶች የተከፈቱት በ1550ዎቹ ነበር። ኦክስፎርድ በ1650 ገደማ የመጀመሪያው ቡና ቤት ተከፈተ። በ1652 ደግሞ ፓስኳ ሮዜ የሚባል ሰው ለንደን ውስጥ ከፈተ። ሮዜ ከቱርክ አገር የመጣ፣ የአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ አሽከር የነበረ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ቡና ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ። ነጋዴ፣ ጋዜጣ አንባቢ፣ ፖለቲከኛ ሁሉ ይሰበሰብባቸዋል። ወሬው ያሰጋው ንጉሥ ቻርለስ 2ኛ በ1675 መጨረሻ ላይ እንዲዘጉ አዘዘ። ተቃውሞው ስለበረታ ትእዛዙ በቀናት ውስጥ ተነሳ። ዛሬ በመድን ሥራ ዓለም የሚያውቀው ሎይድስም መነሻው ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው የነበረው የለንደን ቡና ቤት ነው። የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች እዚያ እየተገናኙ ነበር የሚዋዋሉት።

ከዚያው ቤተሰብ ሌሎች ቃላትም ወጡ። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ በ1819 ከቡና ፍሬ ውስጥ አነቃቂውን ንጥረ ነገር ለየው፤ "ካፌይን" ተባለ። "ካፌ" ፈረንሳይኛ ነው፤ መጠጡንም ቤቱንም ይጠራበታል። "ካፍቴሪያ" የመጣው ከላቲን አሜሪካ ስፓኒሽ ነው፤ ቡና የሚሸጥበት ቦታ ማለት ነበር። አሜሪካኖች ሰው ራሱ ትሪ ይዞ ምግብ የሚያነሳበት ቤት አደረጉት።

ስም ይህን ያህል ለምን ያከራክራል?

ገንዘብ ስላለበት። ኢትዮጵያ በ2005 "ሲዳሞ"፣ "ሐረር" እና "ይርጋጨፌ" የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ጠየቀች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስም በክርክሩ ውስጥ ስሙ ተነሳ። ጉዳዩ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ብዙ ከተወራበት በኋላ በ2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ተስማሙ፤ ኩባንያው በስሞቹ ላይ ያላትን መብት የሚቀበል ውል ፈረመ።

ነጥቡ ቀላል ነው። አንድ ከረጢት ቡና ላይ "ይርጋጨፌ" ሲጻፍ ዋጋው ይጨምራል። የሚጨመረው ገንዘብ ለማን ይድረስ? ቡናውን ለሚቆላው ወይስ ለገበሬው? ስሙን በሕግ የያዘ ወገን በዚህ ድርድር ላይ ቃል ይኖረዋል። "ኮፊ" የሚለውን ቃል ማንም ባለቤት ሊሆንበት አይችልም፤ የዓለም ሆኗል። "ይርጋጨፌ" ግን የአንድ ቦታ ስም ነው። ስለ ስም መከራከር ካስፈለገ መከራከር የሚያዋጣው እዚህ ጋ ነው።

ዛሬ እንግሊዝኛ ውስጥ "ኮፊ" ሲባል ምን ማለት ነው?

መጠጡን፣ ፍሬውን፣ ዱቄቱን፣ ተክሉን፣ ቀለሙንም። በዚህ ከእኛ "ቡና" ብዙ አይርቅም፤ እኛም "ቡናማ" እንላለን። አንድ ሰው "ኮፊ እንጠጣ" ካላችሁ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው መገናኘቱንና ማውራቱን ነው። በመሥሪያ ቤት "ኮፊ ብሬክ" ማለት አጭር እረፍት ነው፤ ሻይ ብትጠጡም፣ ምንም ባትጠጡም ስሙ አይቀየርም። ሰው "ንቃና ኮፊውን አሽትት" ካላችሁ ቡና እየጋበዛችሁ አይደለም። እውነታውን ተቀበል፣ ራስህን አታታልል ማለቱ ነው።

የቤቶቹ ስም ላይ ግን ከአገር አገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። "ቀህዋ" ከወይን ጠጅ ወደ ቡና እንደዞረው ሁሉ፣ የእኛ "ቡና ቤት" በተቃራኒው ከቡና ወደ ቢራ ዞሯል። ማታ "ቡና ቤት ገባ" የተባለ ሰው ጀበና ፍለጋ እንዳልሄደ እናውቃለን። ሆላንድም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። እዚያ "ካፌ" የሚባለው በአብዛኛው ቢራ የሚጠጣበት ቤት ነው። "ኮፊሾፕ" የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ደግሞ ካናቢስ የሚሸጥበት ነው። ይህን ሳያውቁ ሕፃን ይዘው፣ ማኪያቶ ፈልገው በሩን የሚከፍቱ እንግዶች አሉ። አምስተርዳም ለዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ከሆነ፣ ቡና ስትፈልጉ "ኮፊሃውስ" የሚል ቃል ያለበትን ቤት ፈልጉ።